ውሃ የማያነሳ የአገልግሎት ጥራት ውል አጻጻፍ

ሁለት ሶፍትዌሮች ሊገናኙ ነው እንበል። አንዱ የክፍያ አገልግሎት ይሰጣል፣ ሌላው ይጠቀምበታል፤ ውሉን የሚጽፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ማንንም የማያስር ውል ከፈለጉ «ሲስተሙ ፈጣንና አስተማማኝ ይሆናል» ብለው ይጀምሩ። ፍጥነቱ ከየት እስከ የት እንደሚለካ አይጻፉ። በሰከንድ ስንት ጥያቄ እስኪመጣ ድረስ ቃሉ እንደሚጸናም ዝም ይበሉ። ውል የሁለት ወገን ነው፤ ሰጪው በግማሽ ሰከንድ መመለስ የሚችለው ተጠቃሚው ከተስማሙበት ጭነት ካላለፈ ብቻ ነው። ይህ ካልሰፈረ ሲስተሙ በበዓል ዋዜማ ሲቆም ሁለቱም «ጥፋቱ የእኔ አይደለም» ይላሉ፤ ገንዘቧ ተቆርጦ ደረሰኝ ያልደረሳት ደንበኛ መካከል ላይ ትቀራለች።

ቁጥር የግድ ከሆነ አማካይ ይጻፉ። ከ100 ጥያቄ 99ኙ በ0.1 ሰከንድ፣ አንዱ በ10 ሰከንድ ቢመለስ አማካዩ 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው፤ አሥር ሰከንድ የጠበቀው ሰው ከሪፖርቱ ይጠፋል። የጉግሎቹ ጄፍ ዲንና ሉዊዝ ባሮሶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙትን ስሌት ለማንም አያሳዩ። እያንዳንዱ ሰርቨር ከመቶ አንዴ ብቻ ከ1 ሰከንድ በላይ ቢዘገይ፣ የ100 ሰርቨሮችን መልስ ከሚጠብቁ ጥያቄዎች ከመቶ 63ቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ይቆያሉ።

ከዚያ «99.9 በመቶ ጊዜ ሳይቋረጥ ይሠራል» የሚለውን ከሌላ ውል ይገልብጡ። በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ መቋረጥ ማለት ነው። ክፍያው በተከታታይ አምስት አገልግሎቶችን የሚያልፍ ከሆነና እያንዳንዱ ያንኑ ቃል ከገባ፣ ብልሽቶቻቸው ካልተያያዙ፣ የጠቅላላው ውጤት 99.5 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በወር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል። እርስዎ አያባዙ።

ከሁሉም በላይ ውሉን ኮምፒውተር ሊመረምረው በሚችል ቋንቋ አይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሮሉንድና ኮይስቲነን ኪውኤምኤል የተባለውን ቋንቋ ያቀረቡት አንዱ የጥራት ውል ሌላውን ማሟላት አለማሟላቱ እንዲጣራ ነበር። በስዊድኑ ኡፕሳላና በዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራው ኡፓል የተባለ መሣሪያ ደግሞ ጊዜን ይመረምራል። «መልሱ ከ2 ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል?» ብለው ቢጠይቁት የሚያልፍበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ለደንበኛው 2 ሰከንድ ቃል ገብተው፣ ወደ ታች የሚልኩት ጥያቄ ግን የ1 ሰከንድ ታይምአውትና ሦስት ሙከራ ካለው፣ ቃልዎ ገና ሲጻፍ ፈርሷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ አንድም መስመር ኮድ ሳይጻፍ ሊታወቅ የሚችል መሆኑ ነው። እኛ ግን ደንበኛው በመንገላታቱ እስኪነግረን እንጠብቃለን።

መለኪያውንም በሚለካው ሲስተም ላይ ይትከሉት። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን የመረጃ ማከማቻ አገልግሎት ኤስ3 ሲወድቅ፣ የአገልግሎቶችን ሁኔታ የሚያሳውቀው ገጽ ማስተዳደሪያ ራሱ በኤስ3 ላይ የተመሠረተ ስለነበር ለ2 ሰዓት ያህል የየአገልግሎቱን ሁኔታ ማደስ አልተቻለም።

ስለ ካሳ ደግሞ ይህን አንቀጽ ያስገቡ፦ ደንበኛው መቋረጡን በራሱ ማስረጃ ካረጋገጠ ከሚቀጥለው ሂሳቡ ይቀነስለታል፤ ማስረጃውንም የሚያወጣው ከተቋረጠው ሲስተም መዝገብ ነው።