ቼክና ንጉሥ

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ከእድሩ ንብረት መጀመሪያ የሚወጣው ድንኳኑ ነው፤ ከዚያ ወንበሩና ድስቱ፤ ቀጥሎ ቼኩ። ድንኳኑን ጎረምሶች ይተክሉታል፤ ድስቱን ሴቶች ይረከባሉ። ቼኩን ባንክ ወስዶ ጥሬ ገንዘብ አድርጎ ማምጣት ግን የጸሐፊው ሥራ ነው። ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ያን ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ሎሚ ሁሉ አንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም። ሟቹ የሊቀመንበራችን የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ደጅ ካርቶን ዘርግተው፣ ቆርኪውን አንዱ ደፍቶ ሌላው ገልብጦ፣ ዳማ ሲጫወቱ ነው ሰፈሩ የሚያውቃቸው። ሊቀመንበሩ ቼኩን የፈረሙት ሌሊት ድንኳኑ ሥር፣ የእድሩን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ነው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ስለ ፊርማ ማን ያስባል?

ባንኩ በር ላይ ተፈትሼ፣ የወረፋ ቁጥር ይዤ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ባንክ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ተራዬ ደረሰና ቼኩን በመስኮቱ አሳለፍኩት። ልጅቷ ቼኩን ታያለች፣ ኮምፒውተሩን ታያለች፣ መልሳ ቼኩን ታያለች። ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ባልደረባዋን፣ «እስቲ ይሄን ቼክ ቼክ አድርጊልኝ» አለቻት።

የቃላትን ዘር ማንዘር መከታተል የምወደው ነገር ነው፤ ቃል ሲደጋገም ጆሮዬ ይቆማል። የመጀመሪያው ቼክ ወረቀቱ ነው፤ ሁለተኛው ማጣራት ነው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ትርጉም! ይህንኑ እያሰላሰልኩ ሳለ ልጅቷ «የአንደኛው ፊርማ አይመሳሰልም፤ ፈራሚው ራሳቸው መምጣት አለባቸው» አለችኝ። ቀስ ብላ ነበር ያለችው፤ በመስታወቱ ምክንያት ስላልሰማኋት ጮክ ብላ ደገመችልኝ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ይህን ሰምቶ ለጓደኛው፣ «ደረቅ ቼክ ነው መሰለኝ» አለው።

ደረቅ ቼክ! ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ቆርጦ መስጠት እኮ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ነገር ነው። የእኛ እድር ገንዘብ ጉሊት ከሚቸረችሩ እናቶች ሳይቀር በየወሩ የሚሰበሰብ፣ ሳንቲሙ ተቆጥሮ የሚገባ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዞር ብዬ፣ «ወንድሜ፣ የእድር ቼክ ነው፤ ገንዘቡ ሙሉ ነው፤ ያልተመሳሰለው ፊርማ ነው» አልኩት። «እኔ ምን አልኩ?» አለ። ያልሰማው ሰው ሁሉ ሰማ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን ከወንበሩ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጥበቃው ከበሩ ተነሥቶ ወደ እኔ ጠጋ አለ፤ ምንም አላለም፤ ግን ጠጋ አለ። እኔም ቼኩን አጥፌ፣ ፊቴ እየጋለ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን መካከል ወጣሁ።

ሊቀመንበሩን ከድንኳኑ ማውጣት ቀላል አልነበረም። ጓደኛቸው አስከሬን አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። «ደርሰን እንመለሳለን ጋሼ» ብዬ ነው ያስነሣኋቸው። ጋቢያቸውን እንዳዘቀዘቁ ታክሲ ገባን።

መስኮቱ ላይ ያለው እስክሪብቶ በገመድ የታሰረ ነው። ገመዱ አጭር ነው። እሳቸው ደግሞ ረጅም ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ብለው፣ በግራ እጃቸው ጋቢያቸውን ይዘው ፈረሙ። ልጅቷ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «እንደ ድሮው ይፈርሙልኝ አባባ፤ ሳይጨነቁ» አለች፤ ከልቧ ነው። የገቢ ማድረጊያ ወረቀት ገልብጣ መለማመጃ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ደጋግመው ፈረሙ። በጻፉ ቁጥር ፊርማው ከቀድሞው እየራቀ ሄደ፤ ስማቸው ላይ ያለው «ወ» አንዴ እግሩ ይረዝማል፣ አንዴ ይጠፋል። «ልጄ፣ የድሮውን አሳዪኝና አይቼ ልጻፈው» ሲሏት፣ «እሱንማ አይፈቀድልኝም አባቴ» አለች። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ወጥተው መፍትሔውን ነገሩን፤ አዲስ የፊርማ ናሙና ይሞላል፤ ለዚያም የእድሩ ማኅተም፣ ቃለ ጉባኤና ገንዘብ ያዡ ያስፈልጋሉ። ገንዘብ ያዡ ቤተ ክርስቲያን የመቃብሩን ቦታ እያስቆፈሩ ነው፤ ስልካቸው አይነሣም። ሰው ላክንባቸውና አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አልን።

ሊቀመንበሩ የገዛ እጃቸውን ያያሉ። ሰው የገዛ ስሙን አልጻፍክም ሲባል ምን ይሰማዋል? ዝምታው ከበደኝና ጠዋት ጆሮዬ ውስጥ የገባውን ነገር አወጣሁት። «ጋሼ፣ ቼክ ማለት እኮ ንጉሥ ማለት ነው» አልኳቸው። ቀና አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋርሶች ቼዝ ሲጫወቱ የተቃራኒያቸውን ንጉሥ ሲያጠቁ «ሻህ!» ይሉ ነበር፤ ንጉሥህን ጠብቅ ማለት ነው። ዐረቦች ጨዋታውን ሲወስዱ ቃሉንም አብረው ወሰዱት፤ በእነሱ በኩል አውሮፓ ገባ። ፈረንሳዮች አፋቸው እንደተመቸው «ኤሼክ» አሉት፤ ወደ 1300 እ.ኤ.አ. ገደማ እንግሊዞች ዘንድ ሲደርስ ፊቱ ተቆርጦ «ቼክ» ሆነ። ንጉሥ ቼክ ከተባለ ሌላ ሥራ የለም፤ ፈረሱም ግንቡም ይቆያል፤ መጀመሪያ ንጉሡን ማዳን ነው። ስለዚህ ቃሉ መግታት ማለት ሆነ። ከመግታት መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ማጣራት መጣ፤ ካጣሩ በኋላ ወረቀት ላይ የሚደረገው ምልክትም ያው ቼክ ነው። የቼዝ ሰሌዳው አራት ማዕዘኖች ደግሞ ስማቸውን ለጨርቅ ሰጡ፤ እኔ ያን ዕለት የለበስኩት ሸሚዝ ሳይቀር እንግሊዝ አገር ቼክ ነው የሚባለው። አሜሪካኖች ዳማን ራሱን ቼከርስ ይሉታል።

«ዳማንም?» አሉ ሊቀመንበሩ። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። «ታዲያ ባንክን ከዳማ ምን አገናኘው?»

እኔም ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ግምጃ ቤት ሹማምንት ግብር የሚተሳሰቡት አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። ሪቻርድ ፊትዝኒል የተባለ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በ1170ዎቹ እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ልኩን ሳይቀር ነግሮናል፤ ርዝመቱ 10 ጫማ፣ ወርዱ 5። ላዩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል፤ ጨርቁ ላይ መስመር ይሰመራል፤ መስመሮቹ መካከል ጠጠር መሰል መቁጠሪያ እየተደረደረ ፔኒው፣ ሽልንጉ፣ ፓውንዱ ይሰላል። የሮማ ቁጥር ለመደመርና ለመቀነስ አይመችማ! የአውራጃው ገዥ በአንድ ወገን፣ የንጉሡ ሰዎች በሌላ ወገን ይቀመጣሉ። ፊትዝኒል ራሱ ይህን ከቼዝ ጋር ያመሳስለዋል፤ ግጥሚያው በግምጃ ቤቱ ሹምና በገዥው መካከል ነው። ጠረጴዛው የቼዝ ሰሌዳ ስለመሰለ መሥሪያ ቤቱ «ኤክስቼከር» ተባለ፤ የብሪታንያ ገንዘብ ሚኒስትር ዛሬም የሚጠሩት በዚሁ የቼዝ ሰሌዳ ስም ነው።

ሊቀመንበሩ ጭናቸው ላይ የነበረውን የእድር መዝገብ ገለጡት። ዓምድ፣ መስመር፣ ስም፣ ወር፣ ብር። «እኛስ ይሄን ምን እንለዋለን?» አሉኝ። ሰንጠረዥ! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሰንጠረዥ እኮ የቼዝ የድሮ ስማችን ነው። አባቶቻችን ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር አስምረው ይጫወቱት ነበር፤ እንደ አውሮፓው ጥቁርና ነጭ ሳይሉ። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የደረሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ዛሬ ጨዋታውን ቼዝ እንለዋለን፤ ሰንጠረዥ የሚለው ስም ግን የሒሳብ መዝገባችን ውስጥ ተቀምጧል። ለንደንም እዚህም የንጉሥ ጨዋታ ሰሌዳ ሒሳብ መያዣ ሆነ። አንዱ ከሌላው ሳይማር!

ግን ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የእንጨቱ ነገር ነው። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ገንዘብ ሲቀበል ደረሰኙ የተቀረጸ እንጨት ነበር። ለ1,000 ፓውንድ የመዳፍ ውፍረት፣ ለ100 የአውራ ጣት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለ1 ፓውንድ የገብስ ፍሬ ያህል ይጠርቡታል። ከዚያ እንጨቱን ለሁለት ይሰነጥቁታል፤ ግማሹ ለከፋዩ፣ ግማሹ ለግምጃ ቤቱ። በመተሳሰቢያው ቀን ሁለቱ ይገጠማሉ፤ ስንጥቁና ጥርቡ ከገጠመ ሒሳቡ እውነት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወረቀቱ ሲመጣም ነገሩ አልተለወጠም። ቼክ ይባል የነበረው ተቆርጦ የሚሰጠው ሳይሆን ደብተሩ ላይ የሚቀረው ጉርድ ነበር፤ ሐሰተኛውን የሚያጋልጠው እሱ ነዋ። ስሙ በኋላ ወደ ተቆራጩ ተሻገረ። የተረፉት አሮጌ እንጨቶች በ1834 እ.ኤ.አ. ፓርላማው ምድጃ ውስጥ ሲቃጠሉ እሳቱ ከቁጥጥር ወጥቶ አብዛኛውን ሕንጻ በላው።

«እና ይቺ ልጅም» አልኳቸው ወደ መስኮቱ እያሳየሁ፣ «የምታደርገው ያንኑ ነው። አንዱ ግማሽ ኮምፒውተሯ ውስጥ አለ፤ ሌላው እርስዎ የፈረሙት ነው። እየገጠመች ነው እንጂ ክፉ ሆና አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። «ታዲያ የእኔ ግማሽ የት ሄደ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ያን ጊዜ የገንዘብ ያዡ ልጅ ማኅተሙን በፌስታል ይዛ ከአባቷ ጋር ደረሰች። ቃለ ጉባኤውን እዚያው ወንበር ላይ ጻፍኩ፤ ሦስታችን ፈረምን፤ ማኅተሙ ተመታ። ሊቀመንበሩ በአዲሱ ናሙና ላይ የፈረሙት በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ነው፤ ከእንግዲህ የሚገጥመው እሱ ነው ማለት ነው። ገንዘቡን ቆጥረን ስንወጣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ታክሲ ይዘን በረርን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀብር መልስ ሰው እየወጣ ነበር።

ሊቀመንበሩ አልወቀሱኝም። ገንዘቡን ለሟቹ ባለቤት በሁለት እጃቸው ሰጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

በማግሥቱ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ሰውን ከወዳጁ ቀብር እንዳያስቀር ሌላ ፈራሚ በተጠባባቂነት ይጨመር ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁሉም ተስማማ፤ ማን ይሁን ሲባል ግን ጭቅጭቅ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ወረቀት አስመጥተው አባላቱን እያስነሡ ማስፈረም ጀመሩ፤ እጁ የጸና ሰው ፍለጋ መሆኑ ነው። ወጣቶቹ በየጊዜው ፊርማ ይለዋውጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ መነጽር ረስተዋል። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጡት የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ብድግ አሉ። «እኔ አልተማርኩም፤ በአሻራ ነው የምፈርመው። ሐዘን ቢሆን ሠርግ፣ ጣቴ ያው ጣቴ ነው» አሉ። ቤቱ በአንድ ድምፅ አጨበጨበ። ባንኩ ይቀበለው እንደሆነ ጸሐፊው ሰኞ ሄዶ ይጠይቅ ተብሎ ተወሰነ፤ እኔም መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።