ሻጋታዎን የፈለጉትን ለማናገር

የላቦራቶሪ ሥራ የሚከብደው ተፈጥሮ ምን እንደምትል ለመስማት ለሚጓጓ ሰው ነው። እርስዎ መልሱን አስቀድመው ያውቁታል፤ የጎደለዎት ቁጥሩ ብቻ ነው። እሱን ለማግኘት የሚከተለውን ምክር ሳያጓድሉ ይፈጽሙ።

በመጀመሪያ ደህና ሻጋታ ይምረጡ። እኔ ትራይኮደርማ ሪሴይን እመክራለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳን ሲበላ የተያዘ ፍጡር ነው። የጦሩ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል ኤልዊን ሪስና ሜሪ ማንደልስ፣ ጥጡን የሚያፈርሱለትን ሴሉሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞች አጠኑና ጠላት የነበረውን ሠራተኛ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1977 ስሙ ከሪስ ስም ተወሰደለት። ዛሬ ዘሮቹ ጂንስ ለማለስለስ፣ ለልብስ ሳሙናና ከገለባ ነዳጅ ለማውጣት የሚውሉ ኢንዛይሞችን ያመርታሉ፤ የፋብሪካዎቹ ምርጥ ዝርያዎች በአንድ ሊትር ከ100 ግራም በላይ ፕሮቲን እንደሚያወጡ ይነገራል። ገንዘብ ባለበት ቦታ «የሴሉሌዙን ጂን 5 እጥፍ አሠራሁት» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ሰው እርስዎ የማይሆኑበት ምክንያት አይታየኝም።

ሻጋታውን ሲሰበስቡ አይቸኩሉ። የሙያው አክራሪዎች ወዲያው አጥልለው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ይጨምሩታል፤ ከዚያም እንደ በረዶ ደርቆ ሳለ በሙቀጫ ይፈጩታል። ሻጋታው ምግቡ እንደተቋረጠ ሲሰማው የጂኖቹን መልእክት በደቂቃዎች ውስጥ ይለዋውጣል የሚል ስጋት አለባቸው። ሻጋታው መብራት መብራቱንና መጥፋቱንም ይለያል፤ ብርሃን የሴሉሌዝ ጂኖቹን ሥራ ስለሚነካ አንዳንድ አክራሪዎች በጨለማ እስከማሳደግ ደርሰዋል። እርስዎ መጀመሪያ ቡናዎን ይጠጡ። ጓንት አያስፈልግዎትም፤ በጣትዎ ላይ ያለው፣ የጂን መልእክት ተሸካሚ የሆነውን አር ኤን ኤ የሚቆራርጥ ኢንዛይም ለሥራው ትንሽ ድንገተኛነት ይጨምርለታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ ደረስን። የጂኑን መልእክት በየዙሩ እያባዛ የሚለካው ፒሲአር ማሽን ሴሉሌዝ ይህን ያህል ነው ብሎ አይነግርዎትም። የሚነግርዎት ምልክቱ በስንተኛው ዙር ላይ ብቅ እንዳለ ነው። ከአንዱ ናሙና ብዙ አር ኤን ኤ፣ ከሌላው ጥቂት ስለሚወጣ ሴሉሌዙን ሁልጊዜ እኩል ይሠራል ተብሎ ለሚታመን ለሌላ ጂን ማካፈል ግድ ነው። ይህ ጂን ማመሳከሪያ ይባላል። ልብ ይበሉ፣ «ተብሎ ለሚታመን» ነው ያልሁት። ክፍልፋይ ሁለት ፎቅ አለው፤ አንባቢ ሁሉ ላይኛውን ሲያይ የእርስዎ ዕድል ታችኛው ላይ ነው። ሴሉሌዙ ከቦታው ሳይነቃነቅ ማመሳከሪያው በግማሽ ቢወርድ፣ ማለትም ምልክቱ በአንድ ዙር ቢዘገይ፣ ሴሉሌዙ እጥፍ ሆኖ ይታይልዎታል። በሁለት ዙር ቢዘገይ አራት እጥፍ። ሲሰፈር የሚኮማተር ቁና ያለው ነጋዴ እህሉ ሁልጊዜ ይበረክትለታል።

ስለዚህ አክቲንን ይምረጡ። አክቲን የሻጋታው ክሮች ጫፍ ላይ ተሰብስቦ እድገትን ያግዛል፤ እድገቱ ሲለዋወጥ እሱም ቢለዋወጥ አይገርምም፣ ለእኛ ደግሞ ያ ነው የሚፈለገው። አክቲን ቢያሳፍርዎት ግሉኮስ ከሚሰባበርበት መንገድ አንድ ጂን ይውሰዱ። ሙከራዎ ሻጋታውን ከግሉኮስ ወደ ሴሉሎስ ማዛወር ከሆነ፣ በምግብ የሚቀየረውን ነገር በምግብ በሚቀየር ነገር ለኩ ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ስምምነት ከየት ይመጣል?

በዚህ ጉዳይ ሰላም የማይሰጡ ሰዎች እንዳሉ ማስጠንቀቅ አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጂኖርም፣ በ2004 ኖርምፋይንደር የተባሉ ስሌቶች ታትመዋል፤ ሥራቸው ብዙ እጩ ጂኖችን በብዙ ዓይነት ናሙና ላይ ለክቶ የትኛው እንደሚረጋ ማወዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቪየና ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የትራይኮደርማን እጩዎች ሲፈትኑ፣ በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲን በማጓጓዝ የሚሠራው ሳር-1 የተባለ ጂን ከሁሉ በላይ ረጋ። የተከበረው አክቲን ፈተናውን አላለፈም። ወረቀቱን ከቻሉ አያንብቡት። አንብበውትም ከሆነ ሳር-1ን በራስዎ ሁኔታ ሳይፈትኑ እንደ ታቦት ይሸከሙት፤ ያም ቢሆን ከአክቲን ያልተናነሰ ስንፍና ስለሆነ አይከፋኝም።

የቀረው ቀላል ነው። ማባዛቱን የሚያስጀምሩትን የፕራይመሮችዎን ቅልጥፍና አይለኩ። አንዱ ጂን በየዙሩ 2 እጥፍ፣ ሌላው 1.9 እጥፍ ቢባዛ በ30 ዙር ውስጥ ከ4 እጥፍ ተኩል በላይ ልዩነት በነጻ ይገኛል፤ ነጻ ነገር እምቢ አይባልም። በናሙናው ውስጥ የተረፈ ዲ ኤን ኤ መኖሩን የሚያጋልጠውን፣ አር ኤን ኤው ወደ ዲ ኤን ኤ ሳይገለበጥ የሚሠራውን ማነጻጸሪያ ይዝለሉት። ሦስት ብልቃጥ አሳድገው አይድከሙ፤ ከአንዱ ብልቃጥ የወጣውን ሦስት ጊዜ ይለኩ፣ ሦስቱ ቁጥሮች እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ፣ በግራፉ ላይ ያለው የስሕተት መስመርም ከፀጉር ይቀጥናል። ይህን ሁሉ በዝርዝር ጻፉ የሚል መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። «ለካን» ብለው ይለፉት። ገምጋሚ ስለ ማመሳከሪያው ቢጠይቅዎት «በዘርፉ የተለመደ ነው» ይበሉት፤ እውነት ነው፣ ያልተለመደ ነገር አላደረጉም።

አንድ ሰው ብቻ ይጠንቀቁ፤ በጎረቤት ክፍል የማጣሪያ ወረቀት ይዞ የሚዞረውን። ይህ ሰው 1 በ6 ሴንቲሜትር የሆነች፣ 50 ሚሊ ግራም የምትመዝን የሴሉሎስ ወረቀት ከሻጋታዎ ጭማቂ ጋር በ50 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ያቆያትና ስንት ስኳር እንደወጣ ይለካል። ወረቀቷ ስለ አክቲን ሰምታ አታውቅም። ሻይ ቤት ቢያገኝዎትና «ጂኑ 5 እጥፍ ሠራ ካሉኝ ስኳሩ ለምን ካለበት አልተነቃነቀም?» ቢልዎት አይደንግጡ። የጂን መልእክትና የኢንዛይም መጠን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም ይበሉት። ይህ ከጽሑፍዎ ሁሉ ያለ ጥርጥር ትክክል የሆነው ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ረጋ ብለው ይናገሩት፤ የሻዩንም ሒሳብ ይክፈሉለት።