የደራሲዋ እንባ

እ.ኤ.አ. በ1964 የዋልት ዲዝኒ «ሜሪ ፖፒንስ» ፊልም ሲመረቅ፣ የመጽሐፉ ደራሲ ፒ. ኤል. ትራቨርስ አዳራሹ ውስጥ አለቀሰች። ከደስታ አልነበረም፤ በተለይ ፊልሙ ውስጥ የገባውን ካርቱን አምርራ ትጠላው ነበር።

በ2013 ይኸው ኩባንያ ከደራሲዋ ጋር ስላደረገው የፊልም መብት ድርድር «ሴቪንግ ሚስተር ባንክስ»ን ሠራ። እዚያ ላይ ያ እንባ ልቧ የተነካ ሴት እንባ ሆኖ አረፈው። ትራቨርስ በ1996 ስለሞተች ይግባኝ ባይ የለም። ተመልካቹም መሐረቡን አወጣ፤ ተከሳሽ ራሱ የጻፈው ፍርድ እንዲህ ሲያስለቅስ ማየት ብርቅ ነው።

እኛስ? አዳማ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ደጃፍ ጫማውን አውልቆ የአባባ ተስፋዬን ተረት ያዳመጠ ልጅ ዛሬ አባት ሆኗል። ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነግረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ ተረት ሰበብ ተሰናበቱ። ጣቢያው ፊልማቸውን ቢሠራ መጨረሻውን ለመገመት ጠንቋይ አያሻም፦ ዋሽንት፣ እቅፍ አበባ፣ የስንብት ደብዳቤውን በፈገግታ የሚቀበሉ አዛውንት።

የአዳማው አባት መጀመሪያ «ኧረ እንዲህ አልነበረም!» ብሎ ይቆጣል። ዋሽንቱ ሲነሳ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚነፋረቀው እሱ ነው፤ ልጁ ደግሞ ፈንዲሻው ማለቁን ይነግረዋል።