ውዳሴ ለአፍቃሬ ሮክ

በዚህ ዓለም ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት፣ ምስክር ሳይቆጥርና ይግባኝ ሳይፈራ የሚፈርድ ዳኛ ቢፈለግ፣ የሚወደው የሮክ ባንድ አዲስ አልበም ባወጣበት ሌሊት ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ የሚቀመጠውን አድናቂ የሚያህል አይገኝምና፣ ለዚህ ታላቅ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ውዳሴ ሳይደረስለት መቅረቱ የደራስያንን ሁሉ ንፉግነት የሚያስመሰክር ነው። እኔ ይህን ዕዳ ልከፍል ተነሥቻለሁ፤ ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፌንም አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ አድናቂው ሌላ ባሕረ ሐሳብ አያውቅምና።

የአድናቂው ቀዳሚ ጸጋ ፍጥነት ነው። ሜታሊካ «72 ሲዝንስ» የተባለውን አልበም ያወጣው ኤፕሪል 14 ቀን 2023 ሲሆን፣ ዕለቱ በእኛ ዘንድ ዕለተ ስቅለት ነበር። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ለስግደት ልወጣ ስል፣ ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ በእርሱ አገር ገና መንፈቀ ሌሊት ሳለ ስልክ ደውሎ፣ 77 ደቂቃ የሚፈጀውን ያን አልበም፣ የመጀመሪያው ዘፈን እንኳ ተዘፍኖ ሳያልቅ፣ «ጋሼ፣ አለቀላቸው፤ እንደ ድሮው አይደሉም» ብሎ ፈረደበት። ጲላጦስ እንኳ በዚያች ዕለት ተከሳሹን ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ውኃ አስመጥቶ እጁን ታጥቦ ነበር፤ የእኛ ዳኛ ግን ውኃም አላባከነ።

ሁለተኛው ጸጋው በየትም በኩል ቢመጡበት የማይረታ መሆኑ ነው። ባንዱ ቢለወጥ ከዳ፤ ባይለወጥ ደገመ። ሜታሊካ በ1991 ዘፈኖቹን አሳጥሮና አዝግሞ ቢመጣ ለገንዘብ አደረ ተባለ፤ በ1996 አባላቱ ጠጉራቸውን ተቆርጠው ቢታዩ፣ እንደ ሶምሶን ኃይላቸው አብሮ እንደ ተላጨ ተቈጠረ፤ በ2008 ደግሞ ወደ ቀድሞው ፈጣን ስልት ቢመለሱ፣ ከፊሉ ራሳቸውን ኮረጁ ሲል፣ ከአሥር ሺህ የሚበልጠው ድምፁ ከመጠን በላይ ጮኋልና እንደገና ይቀናበር የሚል አቤቱታ ፈረመ። ዩቱ በ2014 አልበሙን በነፃ በየስልኩ ቢልክ፣ ሰዎች ስጦታው ይነሣልን ብለው አመለከቱ፤ ተነሣላቸውም። ቦብ ዲለን በ1966 ማንችስተር ላይ ጊታሩን በኤሌክትሪክ ቢጫወት፣ ከታዳሚው አንዱ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ሠላሳ ብሩን ማን እንደ ከፈለው እስከ ዛሬ አልተገለጠም።

የአድናቂው ሊቅነት በሙሉ ክብሩ የተገለጠው ግን በ2003 «ሴንት አንገር» የተባለው የሜታሊካ አልበም በወጣ ጊዜ ነው። ድራመሩ ላርስ ኡልሪክ፣ በትንሹ ከበሮ ግርጌ የተዘረጋውን የሽቦ ጅማት አላልቶ ሲመታ ተቀዳና፣ ድምፁ ባዶ ጣሳ እንደሚደበደብ ሆነ፤ የጊታር ሶሎ የሚባልም ከአልበሙ ታጣ። ዓለም በዚያ ዓመት ሌላ የሚጨነቅበት ነገር አላጣም ነበር፤ አድናቂው ግን ስለ ጣሳው ተጨነቀ፤ ዛሬም ይጨነቃል። በ2015ማ ጥቂት አድናቂዎች ተባብረው አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ራሳቸው ተጫውተው፣ ከበሮውንም አርመው እንደ አዲስ ቀዱት።

እንግዲህ አራሚው ከደራሲው ከበለጠ፣ ማንኛውም ባንድ ስቱዲዮ ከመግባቱ አስቀድሞ በአድናቂዎች ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመርመር ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሊቀ ጉባኤ ሆኖ የሚሾመውም በ1983 የወጣውን የሜታሊካን የመጀመሪያ አልበም በካሴት የያዘ፣ ከዚያ ወዲህ የወጣውን ሁሉ ፊቱን ሳያጨማድድ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይሆናል። ጉባኤው ስለ ሽቦው ጅማት አንድምታ ያወጣል፦ ጅማቱ ላላ፤ አንድም ሃይማኖታቸው ላላ፤ አንድም ላርስ ቀድሞም ከበሮ መምታት አያውቅም ነበር፤ አንድም ቤዝ ጊታሪስቱ ክሊፍ በርተን በ1986 ስዊድን አገር በአውቶቡስ አደጋ ባያርፍ ኖሮ ሽቦው ባልላላም ነበር። ከዚህ በኋላ ጅማቱ «ይጥበቅ» በሚሉና «በመጠኑ ይጥበቅ» በሚሉ መካከል ክርክር ይነሣል። በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ላይ ነገሩን የሚቈርጥ ንጉሠ ነገሥት ነበረ፤ እዚህ ግን ጉባኤተኛው ሁሉ ንጉሥ ነውና፣ ጥብቆችና ልሎች ተወጋግዘው በየፊናቸው ጳጳስ ያስመጣሉ። ባንዱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ደጀ ሰላም ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ጠጉሩ ይሸብታል፤ መሸበትም ለውጥ ነውና ይህ ራሱ ሌላ ክስ ይሆንበታል። ከበሮ መቺው ያርፋል፤ ልጁ ዱላውን ይወርሳል፤ ልጁም ያርፋል። በሦስተኛው ትውልድ ፈቃዱ ተጽፎ፣ ማኅተም ታትሞበት ሲወጣ፣ የልጅ ልጁ ወደ ስቱዲዮ ገብቶ አንዲት ምት ብቻ እንዲመታ ይታዘዛል፤ እርሱም እጁ እየተንቀጠቀጠ ይመታል፤ ጉባኤውም ያችን አንዲት ምት ሰምቶ በአንድ ድምፅ፣ «አያትየው ይሻል ነበር» ይላል።

ውዳሴውን እዚህ ላይ ልግታውና በግልጽ ልናገር፦ ይህ ሰው ሙዚቃ አይሰማም። የሚሰማው፣ ጢሙ ሳያቀምቅም በመኝታ ክፍሉ በሩን ዘግቶ ያዳመጠውን የቀድሞ ራሱን ነው፤ ያን ልጅ ደግሞ ስድሳ ዓመት የሞላቸው አራት ሰዎች በምንም ዓይነት ጊታር መልሰው ሊያመጡለት አይችሉም። በ1988 የወጣው የሜታሊካ አልበም ቤዝ ጊታሩ ከነአካቴው አይሰማም ተብሎ የተወቀሰ ነው፤ ዛሬ ያው አድናቂ የወርቃማው ዘመን ሥራ ብሎ ይምልበታል። ስለዚህ የዛሬው ኑፋቄ ከሃያ ዓመት በኋላ ርትዕት ሃይማኖት ሆኖ እንደሚቀርብልን አልጠራጠርም፤ የእህቴ ልጅም ያን ጊዜ ደውሎ ይህንኑ ያበሥረኛል፤ ቀድሞ ስላለው ነገር ባነሣበት ግን አያስታውስም።

ቢሆንም ውግዘቱ የገበያ ፈውስ አለው። ያ ስለ ጣሳው የተረገመው አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆኖ ነው የገባው፤ በተከታዩም ዓመት የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ግራሚ ተሸለመ። በስቅለት ዕለት ሞት የተፈረደበት «72 ሲዝንስ» ደግሞ የሚዘጋው ከ11 ደቂቃ በላይ በሚፈጅ፣ ባንዱ ብቻውን ደርሶ ከቀዳቸው ዘፈኖች ሁሉ በሚረዝም ዘፈን ነው፤ የእህቴ ልጅ ፍርዱን በስልክ ያሰማኝ ያ ዘፈን ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነበር።