ገመድ ጎታቾች

መብራት የሚጠፋው የደንበኛው ራስ ግማሹ ሲላጭ ነው። በአዲስ አበባ ፀጉር ቤቶች ይህ እንደ ሕግ ይቆጠራል። ቶንዶሱ ቀጥ ሲል አስተካካዩ «ጋሼ፣ አንዴ ይታገሱኝ» ይላል፤ ረዳቱ ጄኔሬተሩን ከጓዳ እየጎተተ ወደ በረንዳ ያወጣዋል። (ለዚህስ ይመስገን፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ነውና ከቤት መውጣቱ ግድ ነው።)

ከዚያ ገመድ ጎተታ ይጀመራል። መጀመሪያ ረዳቱ፣ ቀጥሎ አስተካካዩ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ባለሱቅ፣ በመጨረሻም «እስቲ ዞር በሉ!» የሚል መንገደኛ። አንዱ «ቾኩን ዝጋው» ሲል ሌላው «ክፈተው!» ይላል። የታንከሩን ክዳን ከፍቶ የሚያሸትም አይጠፋም። ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነው፤ ቤንዚኑ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል።

አነስተኛ ጄኔሬተርን ከሥራ ይልቅ ዕረፍት ይገድለዋል። ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን ቀላል ቀላሉ እየተነነ፣ የቀረው እንደ ሙጫ እየወፈረ ይሄዳል፤ ከዚያም ከመርፌ ጫፍ የማትሰፋውን የካርቡራቶር ቀዳዳ ይደፍናታል። መፍትሔው የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። ከመቀመጡ በፊት የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቶ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማሠራት፣ በወር አንዴም ጥቂት አምፖሎች ጭኖ ማሠራት። ግን መብራት እያለ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው ጎረቤቱ ምን ይለዋል?

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል፣ ይህ ችግር አልነበረም፤ ማሽኖቹ ማረፊያ አጥተው ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ግን ዜና አይሰማም፤ ጄኔሬተሩም ጡረታ አልወጣም።

ዘይቱ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። ባለቤቱ «ገና አዲስ ነው እኮ!» ይላል። የብዙዎቹ ማሽኖች ማኑዋል ግን የመጀመሪያውን ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ቀይሩ ይላል፤ አዲስ ሞተር ሲላመድ የብረት ብናኝ ያወጣልና። በ50 ኸርዝ የሚሠራው የተለመደው ጄኔሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ በሰዓት 180,000 ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያለሰልሰው ዘይት በትንንሾቹ ውስጥ ከግማሽ ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ሰዓቱንስ ማን ይቆጥራል? ታንከሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የለወጠበትን ቀን የሚጽፍ ባለሱቅ ካለ፣ ሰፈሩ «ጨቅጫቃ» ነው የሚለው።

ብዙዎቹ ማሽኖች ዘይት ሲያንሳቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ብልህ አሠራር ነው፤ ብልሃቱን የሚያከሽፍ ደግሞ ሞልቷል። «ሴንሰሩ ነው የሚያስቸግርህ» ብሎ ሽቦዋን ይነቅላትና ማሽኑ በደስታ ይነሳል። ከሳምንታት በኋላ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሲቀር ማኑዋሉ ይፈለጋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የአየር ማጣሪያውም ዕጣ ያው ነው። ስፖንጁ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ነክቶት፣ ተጨምቆ መመለስ አለበት። ግንባታ በበዛበት ሰፈር አቧራው ቶሎ ይሞላዋልና አንዳንዱ «ይተንፍስ» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ሞተሩም ይተነፍሳል፤ አሸዋ።

የካንዴላዋ ጉዳይ ለመካኒኩ ይቀራል። በአሸዋ ወረቀት ጥላሸቷን ይጠርግና፣ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር መሆን ያለበትን ክፍተት በሴጌቶ ምላጭ ይለካዋል። የምላጩ ውፍረት 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙም አይስትም፤ ሲያስከፍል ግን በማይክሮሜትር የለካ ይመስላል።