ምስጋና ለሦስት መስመር

ከተለወጠው መስመር በላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት ካልታዘዘ በቀር ለገምጋሚ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ጨዋ ገምጋሚም ከዚህ በላይ አይጠይቅም። መጠየቅ ባልደረባን መጠርጠር ይመስላል፣ መጠርጠር ደግሞ ነውር ነው።

ሦስት ለምን ሆነ ብሎ የሚነዘንዝ አይጠፋም። ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1985 ፓች የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ ጭንቀቱ ሌላ ነበር፦ የአንዱ ለውጥ ሌላው ዘንድ ሲደርስ ፋይሉ ትንሽ ተቀይሮ ቢቆየው ማሽኑ ቦታውን በምን ይለየው? በዙሪያው ባሉት መስመሮች ነዋ! የጂኤንዩ ዲፍ መመሪያ ለዚህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት መስመር ያስፈልጋል ይላል። የእኛ ሦስት እንግዲህ ሁለት ከነምርቃቱ መሆኑ ነው። ማሽን ለጥፎበት የበቃው ለሰው ማስተዋያ እንዴት ያንሳል? ሦስት ጉልቻ ድስቱን ከተሸከመ ወጡን መቅመስ ምን ያደርጋል!

እንበል አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ሂሳቡ ዜሮ ከሆነ ፈንክሽኑ እዚያው ይመለስ ይላል። ከላይ ሦስቱ ንጹሕ፣ ከታች ሦስቱ ንጹሕ። ሁለት ሥራ በአንዴ እንዳይገባ የሚዘጋው ሎክ የተያዘው ግን 14 መስመር ወደ ላይ ነው፣ የሚለቀቀው 20 መስመር ወደ ታች። አዲሱ መስመር ሎኩን እንደያዘ ውልቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ጥያቄ ሁሉ ሲጠብቅ ያድራል። ገምጋሚያችን ምን በወጣው? «ጥሩ ነው» ብሎ አውራ ጣቱን አንሥቷል። ሌሊት የሚደወለው ለተረኛው ነው።

መድኃኒቱ ጠፍቶ አይደለም። ጊት ዲፍ በሚለው ትእዛዝ ላይ ዳሽ፣ ትልቁ ዩ፣ ከዚያ 20 ቢጻፍ ሃያ ሃያ መስመር ይመጣል፤ ዳሽና ትልቁ ደብልዩ ፈንክሽኑን ሙሉውን ያወጣሉ። ግን ይህን ያደረገ ሰው ኮዱን ማንበብ ሊጀምር ነው፣ ምሳም ሊያልፈው ነው።

የሚገርመው ማሽኑ ነው። አንድም የዙሪያ መስመር የሌለው ለውጥ ሲቀርብለት፣ ጊት ልዩ ፈቃድ ካልተጨመረበት አልቀበልም ይላል። እሱ ይጠራጠራል፤ እኛ እናምናለን።

ወዳጄ፣ ሎኩ የት እንደተያዘና የት እንደተለቀቀ ሳታይ የምታጸድቅ ከሆነ፣ ቢያንስ «ጥሩ ነው» አትበል፤ «ሰባት መስመር አይቻለሁ» ብለህ ጻፍ። ተረኛው ይወቀው።