ድፎ ጋጋሪዋ መኪና

ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ መብራቷን እንደ እንቁራሪት ዐይን ከኮፈኗ ላይ ብድግ የምታደርግ የጃፓን ስፖርት መኪና ገዛሁ። ስሟን አልጠራም፤ ኋላ እንደሚታየው ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ «የጎረምሳው መኪና» ይሏታል። ጎረምሳው 51 ዓመቴ ነው።

አክስቴን ደብረ ማርቆስ ሰርግ ላድርስ ብዬ ተነሣሁ። ድፎ ዳቦው የዕቃ መጫኛው ውስጥ አልገባ ስላለ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ተቀመጡ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሁሉም ሰላም ነው። ጃፓኖች ባሠሩት ድልድይ ላይ ስናልፍ «አገሯ ገባች» ብዬ ቀለድኩ። ቀልዴን ሳልጨርስ የደጀን ዳገት ተቀበለን፤ ከወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው።

የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ መሳብ ጀመረ። ያኔ አንድ ዘዴ ትዝ አለኝ፦ የመኪና ማሞቂያ ሲከፈት ከሞተሩ ሙቀት ስለሚቀበል እንደ ትንሽ ራዲያተር ያግዛል። እናም በአባይ በረሃ፣ በእኩለ ቀን፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፈትኩት። አክስቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን አውልቀው ድፎውን ሸፈኑበት።

«ለእኔስ ግዴለም፤ እሱ ግን አንዴ ተጋግሯል» አሉ።

ዳገቱ መሃል ላይ እንፋሎቱ መንገዱን ጋረደው። ቆሜ ጨርቅ ይዤ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጄን ስዘረጋ፣ ከኋላ የደረሰ የከባድ መኪና ረዳት እጄን መታኝ። «ፊትህን አልፈለግከውም እንዴ?» አንድ ሰዓት ገደማ አስጠበቀን። ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መድፋትም ከለከለኝ፤ የጋለ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ አናት፣ ይሰነጠቃል። ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደጀን ስንደርስ ሐኪሙ በዛ። አንዱ ፖምፓው ነው አለ፤ ሌላው ራዲያተሩ ተደፍኗል አለ። ሦስተኛው ጭሷን አሽትቶ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን በልታለች፤ ሞተር ይወርዳል» ሲል ፈረደ። እውነቱን ለመናገር የእሱን ወደድኩለት። ለእንደዚህ ያለች መኪና የሚመጥን በሽታ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ የመጀመሪያው ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፤ እኛ ዘንድ ሞተር ሲሞቅ መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው። ምስኪኑ ሥራው በር መጠበቅ ነው፤ ውሃው 80 ዲግሪ አልፎ እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር አያሳልፍም። ዘበኛው ሲባረር፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልሞቅ እያለ ነዳጅ ይጠጣ ጀመር። እንጦጦ ዳገት ላይ ግን እንደ ልማዱ ፈላ። ሁለተኛው ጋራዥ ፋኑን ቀየረ፤ ፈላ።

ሦስተኛው መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። የዘይቱን መለኪያ መዘው አዩ፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አጮለቁ፤ አረፋ የለም። «ቴስታታህ ጤነኛ ነው» ሲሉኝ፣ አይገርምም፣ ትንሽ ቅር አለኝ። ክዳኑን ገጥመው ሞተሩ እስኪግል ጠበቁና ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ አደረጉት። እንደ ተነፋ ጎማ መጠንከር ሲገባው ልፍስፍስ አለ።

«ይህን ክዳን ከየት አመጣኸው?»

ዝም አልኩ። ዋናውን ክዳን፣ መኪና ሳጥብ ኮፈኑ ጥግ ላይ ረስቼው መንገድ ላይ ጥዬዋለሁ፤ ይህን ሶማሌ ተራ ሄጄ አፉ ስለገጠመልኝ ብቻ ነው የገዛሁት። የጠፋው ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ነበረበት፤ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውሃ፣ አዲስ አበባና ደጀን ከፍታ ላይ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ደህና ክዳን ይህን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የእኔው ግን ምንም አያፍንም። እናም ከአባይ ሽቅብ፣ ሞተሯ በለፋች ቁጥር ውሃው የሚፈላበት ዲግሪ ዝቅ እያለ ይጠብቃት ነበር፤ ውሃውም ደግሞ ኩላንት ያልነካው የቧንቧ ውሃ።

ክዳኑ ተለወጠ፤ ዘበኛውም ወደ ሥራው ተመለሰ። እንጦጦን ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም። ይህንኑ ለአክስቴ በስልክ አበሠርኳቸው።

«እሰይ! እንግዲያው ለፋሲካ አድርሰኝ» አሉ። «ሊጡን ብቻ ይዤ እመጣለሁ፤ ደጀን ስንደርስ ይበስላል።»